በኪቦርድና በኮምፒዩተር ዜማን ስለ ማቀናበር

የማቀናበርን ሙያ ሊማሩ የሚመጡ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ፣ በገበያ የሚሸጠው የሚዲ ኪቦርድ ከኮምፒዩተሩ የሙዚቃ ሶፍትዌር ጋር በርግጥ ይስማማልን? የሚለውን ነው። እኔም ይስማማል ብዬ ባጭሩ ከመለስሁ በኋላ፣ ስምምነቱ በገመድና በትእዛዝ ረገድ የተፈጸመ እንጂ በቅኝትና በሰው ልሳን ረገድ ገና ያልተፈጸመ፣ የቀረውም የአቀናባሪው ዕዳ መሆኑን ሳልነግራቸው አላሰናብታቸውም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የሚዲ ኪቦርድ የራሱ የሆነ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በድጓው ፊደል ራስ ላይ ያኖሯቸው ይዘትና ደረት፣ ርክርክና ድፋት፣ ጭረትና ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ በራሳቸው ድምፅ ሳይሆኑ፣ ለሚያውቃቸው መሪጌታ የዜማውን መንገድ የሚያመለክቱ እንደ ሆኑ ሁሉ፣ ኪቦርዱም ወደ ኮምፒዩተሩ የሚልከው ዜማውን ሳይሆን የዜማውን ምልክት ነው፤ ይኸውም የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል ተመታ፣ መቼስ ተለቀቀ የሚለው ሲሆን፣ ቁልፉም ኃይሉም ከ0 እስከ 127 ባለው ቍጥር ይገለጻሉ። ምልክቱን ተቀብሎ ክራር ወይም መለከት አድርጎ የሚያሰማው ሶፍትዌሩ ነውና፣ ኪቦርዱን ስለ ድምፁ ማመስገንም መንቀፍም ከንቱ ነው።

ምልክቱ ለሁሉም አንድ ሊሆን የቻለው፣ በገበያ ይፎካከሩ የነበሩ ባለ ፋብሪካዎች ሚዲ ለተባለው አንድ ሥርዓት ለመገዛት ስለ ተስማሙ ነው። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና የጃፓኑ የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ምክክር፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ዓ.ም. ፕሮፌት 600 የተባለው መሣርያ ከሮላንዱ ጁፒተር 6 ጋር በአንድ ገመድ ተያይዞ በሕዝብ ፊት ተሞከረ፤ ከዚያም ወዲህ ሥርዓቱ በመሠረቱ ሳይናወጥ ስለ ቆየ፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ኪቦርድ ተስማሚ ማገናኛ ካገኘ ዛሬም ላፕቶፕን ያዝዛል። በዚያው በ1983 የወጣውን ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ፣ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በአሜሪካ ሳለ ከአኮርዲዮኑ፣ ከሮድስ ፒያኖና ከሙግ ጋር አዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1985 የታወቀውን ካሴቱን ሠርቶበታል፤ ይህም ባለ ቁልፍ መሣርያ የኢትዮጵያን ዜማ ለመሸከም የማይበቃ ነው የሚሉትን ሰዎች ሐሳባቸውን እንዲያለዝቡ ያስገድዳል።

በዕለት ተዕለት ሥራ የሚያጋጥመው የመጀመሪያ ዕንቅፋት መዘግየት ነው። ጣት ቁልፉን በነካበትና ጆሮ ድምፁን በሰማበት ቅጽበት መካከል ክፍተት ሲፈጠር፣ ተጫዋቹ ሳይታወቀው እጁን እያስቀደመ ምቱን ያፋልሳል፤ ብዙዎችም በኪቦርዱ ያሳብባሉ። የኪቦርዱ መልእክት ግን በቀድሞው ባለ አምስት እግር ገመድ እንኳ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ብቻ የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ድምፅን የሚያጠራቅምበት በፈር የተባለው ነው፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና በሚቀዳበት ሥርዓት፣ በፈሩ 1,024 ናሙና ሲሆን በዚህ ምክንያት ብቻ 23 ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ይባክናል፣ 128 ሲሆን ግን 3 ሺህኛ አይሞላም። ስለዚህ ስንጫወት ዝቅ፣ ሚክስ ስናደርግ ከፍ ማድረግ ይገባል። ኪቦርዱን ፕሮግራሙ ከመከፈቱ በፊት መሰካት፣ በቆዩት የዊንዶውስ እትሞችም አንዱ ፕሮግራም የያዘውን ኪቦርድ ሌላው ብዙ ጊዜ የማያገኘው መሆኑን ማስታወስ፣ ከብዙ ድካም ያድናል። ትንሹ ኪቦርድ ኃይሉን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ስለሚስብ መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራው አለመቋረጡ፣ በገጠር ለምንሠራ ሰዎች ቀላል ጸጋ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የእጅ ጉዳይ ይመጣል። የክራርን ድምፅ በቁልፍ የሚያወጣ ሰው፣ ክራር መቺው አውታሮቹን ሁሉ በአንድነት ሲመታ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች እንደሚያፍን ካላወቀ፣ ቁልፎቹን እንደ ፒያኖ ደራርቦ በመጫን ክራር ያልሆነ ክራር ያሰማል። መሲንቆም አንድ ጭራ ብቻ ያላት እንደ መሆኗ መጠን፣ ሶፍትዌሩን በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ አዝዞ፣ ግራ እጅን ፒች ቤንድ በተባለው ጎማ ላይ ማኖር ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ መቆጣጠሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 128 ደረጃ ሲኖራቸው ሥርዓቱ ለዚህ ጎማ 16,384 የሰጠው፣ ጆሮ የድምፅን መንሸራተት ከሁሉ ይልቅ አጥብቆ ስለሚመረምር ነው።

ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር ያለው በቅኝት ላይ ነው። በቁልፎቹ ሥርዓት አንዱ ኦክታቭ ለ12 እኩል ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ክፍል 100 ሴንት ይባላል። ትዝታና ባቲ በዚህ መሰላል ላይ ብዙ ሳይጨነቁ ይቀመጣሉ፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በመሲንቆና በክራር እንደምንሰማቸው በሁለት ቁልፎች መካከል ማረፍን ስለሚወዱ፣ በኪቦርድ ሲጫወቷቸው ጣዕማቸው ይጎድላል። ጎማውም ብቻውን አያድንም፤ ቻነል በተባለው በአንዱ የመልእክት መስመር ያሉትን ድምፆች ሁሉ በአንድነት የሚያጥፍ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው፣ ኤምፒኢ የተባለው የሚዲ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ድምፅ የየራሱን ቻነል በመስጠት ይህን ቢያቃልለውም፣ ብዙዎቻችን የምንሠራበት ርካሽ ኪቦርድ አያውቀውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጫወት በፊት የሶፍትዌሩን መሣርያ ቁልፍ በቁልፍ መቃኘት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በአሪቻና በመላው የጌዴኦ ምድር እንደሚሰማው ያለ፣ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ድምፅ በድምፅ ላይ የሚደረብበትን የጋራ ዜማ ለመቅዳት ስንነሣ ነው። የተለመደው አሠራር አቀናባሪው አስቀድሞ በኪቦርድ አጃቢውን ሠርቶ፣ ዘማሪዎቹ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙት እንዲቀዱ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን የሰው ጉሮሮ ለሚሰማው ሁሉ ታዛዥ በመሆኑ፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከአባቶቹ የወረሰውን የማረፊያ ድምፅ ትቶ ወደ ቁልፉ ይጠጋል፤ ቀረጻውም ሲያበቃ ንጹሕ፣ ግን የማንም ያልሆነ ዜማ ሆኖ ይገኛል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጣለሁ፦ አስቀድሜ ድምፃቸውን ያለ ኪቦርድና ያለ ሜትሮኖም እቀዳለሁ፤ ቀጥሎ አውጪው የሚያርፍበትን ድምፅ በሶፍትዌሩ እለካለሁ፤ ከቁልፉ 30 ሴንት ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ዘማሪውን 30 ሴንት ከፍ ከማድረግ መሣርያውን 30 ሴንት ዝቅ አደርጋለሁ፤ የሶፍትዌሩንም የምት መስመር በዘማሪዎቹ ርምጃ ላይ ከዘረጋሁ በኋላ ነው ወደ ቁልፎቹ የምቀመጠው። የተጫወትሁትን ኳንታይዝ በተባለው ትእዛዝ ቀጥ አላደርገውም፤ ሕያው የሆነውን ምት ያገኘሁት ከእነርሱ ነውና። እንሰትና ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፍሯል፤ የዜማው መዝገብ ግን በየስቱዲዮው የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ በአጻጻፉ ቢጣመም ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

እንግዲህ ኪቦርድ ለመግዛት ወደ ዲላ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወጣት ምክሬን ቢቀበል፣ ባለ 25 ቁልፉ ለጀማሪ ይበቃዋል፤ በሁለት እጅ ለሚጫወት ባለ 49 ወይም ባለ 61 ይሻላል፤ ከብዙ መብራትና ከብዙ መቆጣጠሪያም ይልቅ የቁልፉን አነካክ ይመርምር፣ ከሶፍትዌሩ ጋር ስለ መስማማቱም አይጨነቅ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን አስቀድሞ ደኅና ማይክሮፎን ይግዛ፤ የኪቦርዱን ሥራ ለጊዜው በኮምፒዩተሩ መዳፊት እንኳ ሊሠራው ይችላል፣ ሳይቀዳ ያለፈውን የዘማሪ ድምፅ ግን በምንም መሣርያ ሊተካው አይችልም።