ቀይ ወይን በአርባ ምንጭ ሙቀት፦ ጥሩውን ከተርታው መለየት

አርባ ምንጭ ላይ ቀይ ወይን የሚያዝ ሰው ከዓመተ ምርቱ በፊት ማጣራት ያለበት ጠርሙሱ የት እንደከረመ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በበጋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ወይን ሲቀመጥ ደግሞ የሚስማማው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ አምፖል ሥር ወራት የቆመ ጠርሙስ፣ ጠማቂው የቱንም ያህል ቢጠበብበት፣ ጠጪው ዘንድ ተጎድቶ ይደርሳል።

ምልክቱ አይሰወርም። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ ወይም ቡሹን የሸፈነው ክዳን ሥር የደረቀ ወይን ከታየ ሙቀት አግኝቶታል። ሲቀዳ ሽታው እንደበሰለ ማርማላታ ከሆነም ያው ነው።

ከፈረንሳይ ለመጣ ጠርሙስ መለያውን ማንበብ ይጠቅማል። «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ሻቶ» የሚል ጽሑፍ ወይኑ እዚያው ርስቱ ላይ እንደታሸገ ይመሰክራል። ቀድሞ የቦርዶ ባለርስቶች ወይናቸውን በበርሜል ለነጋዴ ያስረክቡ ነበር። ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ የርስቱን የሙቶንን ምርት በሙሉ በራሱ ግቢ ማሸግ የጀመረው በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላው የቦርዶ ርስት ሌኦቪል ባርቶን ደግሞ ከ1826 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። እንዲህ ያለ ቤት ያረጀውን ተክል ነቅሎ አዲሱን ሲተክል ምርጡን ፍሬ የሚለቅመው ልጁ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል።

ለአርባ ምንጭ የሚቀርበው የወይን እርሻ ምሳሌ ባቱ ከተማ ነው፤ በሻሸመኔ በኩል ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ያልፍበታል። እዚያ ወይን የተከለው ካስቴል፣ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በ1949 እ.ኤ.አ. ቦርዶ ውስጥ ያቋቋሙት የፈረንሳይ ድርጅት ነው። የባቱ ወይን በ2014 እ.ኤ.አ. ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ በሚሉ ስሞች ለገበያ ቀረበ። ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እየተባለ በወይኑ ዘር ስለሚሸጥ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ ነው። ከአካሺያ መካከል ጣፈጥ ያለም አለ።

ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው የክፍላቸው ሙቀት ከ18 ዲግሪ ለማያልፍ የድሮ የአውሮፓ ቤቶች ነው። አርባ ምንጭ ላይ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ቢገባ ይሻለዋል፤ ሲሞቅ አልኮሉ ጎልቶ ሌላውን ጣዕም ይሸፍናል።

ከዚያ ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ብቻ ሞልቶ፣ ነጭ የዶርዜ ጋቢ ፊት አዘንብሎ ማየት ነው። የወጣት ወይን ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ገና በሁለትና በሦስት ዓመቱ ቡናማ ከሆነ ችግር አለ። ሲራ ከሆነ ቁንዶ በርበሬ፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ከሆነ ቫኒላ ይሸታል። ሲጎነጩት ኮምጣጣነቱ ምራቅ ይጠራል፣ ታኒኑ ድድ ያደርቃል፣ አልኮሉ ጉሮሮ ያሞቃል። ጥሩ ወይን ከሦስቱ አንዱ ሌላውን ሳይጫን ይመጣል፤ ከተዋጠም በኋላ ጣዕሙ ቶሎ አይጠፋም። ኮካ የሚቀላቅልበት ሰው ግን ጉድለቱንም ሙያውንም አንድ ላይ ይሸፍነዋል።

ምግቡም ፍርዱን ያዛባል። ከዶርዜ ቆጮ ጋር የሚቀርበው ዳጣ አልኮሉንና ታኒኑን ስለሚያባብስ ወይኑን ከዳጣው በፊት መቅመስ ይበጃል። የጫሞ ዓሣ ከጠንካራ ካበርኔ ጋር አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፤ ቀዝቀዝ ያለ ሜርሎ ይሻለዋል። ካበርኔውና ሲራው ለጥብስ ይቆዩ።

ጠርሙሱ ፊትዎ ይከፈት፤ መጀመሪያ ጥቂት ያስቀዱና ያሽትቱት። እርጥብ ካርቶን ወይም ኮምጣጤ ከሸተተ ሳያፍሩ ይመልሱት።