የማጠናከሪያ ትምህርት በምን ይመዘን?
በቆቦና በራያ ቆላ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ሂሳዊ ምርመራ

መግቢያ

ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በመምህራን ዘንድ «ቲቶሪያል» እየተባለ የሚጠራው፣ በትምህርት ቤቶቻችን ሥር የሰደደ ልማድ ሆኗል። አስፈላጊነቱ አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ችሎታ ጥናት ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለሆነም ክርክሩ ትምህርቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥራቱና ጥቅሙ የሚመዘንበትን መንገድ መመርመር ነው።

የተለመደው አመዛዘን ጉድለት

ስለ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚቀርቡ ዘገባዎች ዘወትር የሚያተኩሩት በተሰጠው ክፍለ ጊዜ፣ በተመደቡት መምህራንና በተመዘገቡት ተማሪዎች ብዛት ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሥራው መሠራቱን ያሳዩ ይሆናል፤ አንድም ልጅ ከዚህ ቀደም የማያውቀውን ማወቁን ግን አያሳዩም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተካፈሉት ተማሪዎች ካልተካፈሉት የተሻለ ነጥብ ማግኘታቸው እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚቀረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ወላጆቹ ከሥራ ያሳረፉትና ቀድሞም ትምህርቱን የሚከታተል ልጅ ነው። በነጥቡ መብለጡ የመርሐ ግብሩን ውጤት ሳይሆን የራሱን ዕድል ሊያሳይ ይችላል። በአንጻሩ ደካሞቹን ፈልጎ የሰበሰበ ትምህርት ቤት በዚህ ሚዛን ሲታይ የወደቀ መስሎ ይገኛል። በመሆኑም ሚዛኑ ሥራውን በትክክል የሠራውን ይቀጣል፤ ቀላሉን መንገድ የመረጠውን ይሸልማል።

የራያ ቆላ ልጅና ጊዜው

ይህ ጉድለት በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። «ከትምህርት በኋላ» የሚባለው ጊዜ ለሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጧቱ ተማሪ ነጻ የሚሆነው በእኩለ ቀን ነው። ይህም የቆላው ፀሐይ የሚበረታበትና መማሪያ ክፍሉን የከሰዓቱ ፈረቃ የሚረከብበት ሰዓት ነው። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፤ በበጋ ከብቱን ሣርና ውኃ ወዳለበት ያሰማራል፤ መስኖ ባለበትም በሽንኩርትና በቲማቲም እርሻ ይሰማራል። ልጃገረዷ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች እንስራዋን ታነሣለች። እንግዲህ ድጋፉ የበለጠ የሚያስፈልገው ልጅ ለመምጣት የሚያስችል ጊዜ የሌለው ራሱ ነው።

በዚህ ላይ የጠፋው የትምህርት ጊዜ ይታከልበታል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ የቆቦ ልጅ በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢው በጦርነት ውስጥ ወደቀ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ትምህርትን አውኳል። ይህ ልጅ ከክፍል ክፍል ቢዛወርም የፊደል ገበታውን በቅጡ ሳይጨርስ ሊሆን ይችላል። የ6ኛ ክፍልን ምዕራፍ ደግሞ ማስተማር እርሱን አያጠናክረውም፤ የሚያጠናክረው ካቆመበት መነሣት ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በሕንድ አገር በጃውንፑር አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የመንደር በጎ ፈቃደኞች ያስተማሩበት የንባብ መርሐ ግብር ተጠንቶ ነበር። የተካፈሉት ልጆች በንባብ በግልጽ ተሻሽለዋል። ሆኖም ማንበብ ከማይችሉት ውስጥ የተካፈሉት 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ መዳረሻው ግን ጠባብ ነበር። በአሜሪካ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሠሩ ማዕከሎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 የተጠቃለለው ሰፊ ግምገማ ደግሞ ልጆቹ በማዕከሎቹ የበለጠ ደኅንነት እንደሚሰማቸው ሲያረጋግጥ፣ በትምህርት ውጤት ረገድ ግን ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላገኘም። ስለዚህ ደኅንነትና የትምህርት ዕድገት ሁለት የተለያዩ ጥቅሞች በመሆናቸው ለየብቻቸው መለካት አለባቸው።

የራሳችንም ታሪክ ትምህርት አለው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሊነቀፍበት ቢችልም፣ የተመዘገበውን፣ ለፈተና የቀረበውንና ፈተናውን ያለፈውን ለይቶ ይዘግብ ነበር። የዛሬው የማጠናከሪያ ትምህርት ዘገባ ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባውም።

የሚሻለው አመዛዘን

አዲስ መመዘኛ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መምህሩ ፊደል፣ ቃል፣ ዓረፍተ ነገርና አጭር ምንባብ በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ልጅ በየግሉ በማስነበብ ደረጃውን ይመዘግባል። ልጆቹ በክፍል ሳይሆን በደረጃ ይመደባሉ፤ በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻም በአቻ ምንባብ እንደገና ይፈተናሉ። ዘገባውም ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ከዝቅተኛው ደረጃ ላይ ካሉት ልጆች ስንቱ ተመዘገበ? ከተመዘገቡት ስንቱ ሳያቋርጥ ተከታተለ? ከተከታተሉት ስንቱ ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ አለ? ተመሳሳይ መነሻ ኖሯቸው ያልተካፈሉ ልጆችም አብረው ቢፈተኑ መሻሻሉ የመርሐ ግብሩ መሆን አለመሆኑ በተሻለ ይታወቃል።

የጊዜ ሰሌዳው ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር በየወቅቱ ሊከለስ ይገባል። በወፍ ጥበቃና በአጨዳ ወራት ትምህርቱን ወደ መንደር ማውረድ ወይም ሰዓቱን ማሳጠር ባዶ ክፍል ከመጠበቅ ይሻላል። የመምህሩ ድካምም በነጻ የሚገኝ ተደርጎ መታሰብ የለበትም። ተጨማሪው ሰዓት የመደበኛውን ትምህርት ዝግጅት የሚሻማ ከሆነ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ይወሰዳል።

ማጠቃለያ

የማጠናከሪያ ትምህርት የመደበኛው ትምህርት ምትክ አይደለም፤ የጧቱ ትምህርት ካልተሻሻለ የከሰዓቱ ጥገና ማብቂያ አይኖረውም። ነገር ግን በራያ ቆላ እንደታየው ልጆች ያለ ጥፋታቸው የትምህርት ጊዜ ባጡበት አካባቢ ይህ ትምህርት ብቸኛው የመመለሻ በር ሊሆን ይችላል። በሩ ክፍት ነው ብሎ መዘገብ አይበቃም። ዕቅድ አውጪውም መምህሩም በበሩ የገባው ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደወጣ ለይተው ማወቅ ይጠበቅባቸዋል።