የኤድመንድ ሁለት ገበታ

ስለ ሲ. ኤስ. ሉዊስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ወሬ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለ አንበሳው ነው። አስላን በበደለኛ ልጅ ፈንታ ይሞታል፣ ይነሳል፤ ክርስቶስን ይመስላል። እውነት ነው፣ ይመስላል። እኔን ግን መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር የሚገርመኝ የደራሲው ጥበብ ከዚያ በፊት ይመጣል፤ ምግቡ ላይ ነው።

በደለኛው ልጅ ኤድመንድ በቁም ሳጥኑ አልፎ ናርኒያ የምትባለው አስማተኛ አገር ሲገባ ብቻውን ነው፣ በርዶታልም። ጠንቋይዋ ከትንሽ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ በረዶው ላይ ስታፈስ የሚጨስ ትኩስ መጠጥ ይሆናል። ሁለተኛዋ ጠብታ በአረንጓዴ የሐር ጥብጣብ የታሰረ ክብ ሣጥን ትሆናለች፤ ውስጡ ተርኪሽ ዲላይት የሚባለው ጣፋጭ ሞልቷል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲታተም እንግሊዝ አገር ከረሜላ ገና በራሽን ነበር፤ ራሽኑ የተነሳው በ1953 ነው። የዚያን ጊዜ ልጅ ሣጥኑ ሲከፈት ምራቁን ሳይውጥ አይቀርም።

ልጁ እየበላ እሷ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ላይ አፍን ሞልቶ ማውራት ነውር መሆኑ ትዝ ይለዋል፤ ወዲያው ይረሳዋል። ለምን ይህን ሁሉ እንደምትጠይቀው አንዴም አያስብም። ስንት ወንድምና እህት እንዳለው ሳይቀር ይነግራታል። ሉዊስ እዚህ ላይ ስግብግብነት ኃጢአት ነው ብሎ አይገሥጽም። ጨዋነት ቀድሞ ሲሄድ፣ ጥንቃቄ ሲከተለው፣ በመጨረሻም ወንድምና እህት ሲሄዱ በአንዲት አጭር ወግ ውስጥ ያሳየናል። ከዚህ የተሻለ ስለ ፈተና የተጻፈ የልጆች ገጽ አላውቅም።

ሁለተኛው ገበታ ኤድመንድ ከወንድሙና ከእህቶቹ ጋር በእንግድነት የተቀመጠበት፣ የሚናገሩት እንስሳት የቢቨሮቹ ቤት ነው። አባወራው በረዶው ውስጥ ከተቆፈረ ቀዳዳ ዓሣ አፈፍ እያደረገ ያወጣል፤ ዓሣው ወዲያው መጥበሻ ላይ ይወጣል፤ ድንች አለ፣ ቅቤ አለ፣ ሻይ አለ። ሐዋሳ ላደገ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ገና ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሰማ ሰው ሉዊስ ለአንድ እራት ያን ያህል ቦታ ለምን እንደሰጠ ይገባዋል። ደግነት በወሬ ብቻ ቢቀር ከጠንቋይዋ ሣጥን ጋር መወዳደር አይችልም ነበር፤ እሱም መጣፈጥ አለበት። ኤድመንድ ግን እዚያው ተቀምጦ አይጣፍጠውም፤ ልቡ ያኛው ጣፋጭ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ ጠንቋይዋ ሊሄድ ሾልኮ ይወጣል። መቼ እንደወጣ ከወንድሙና ከእህቶቹ ማንም አላየም። እኛም አላየንም! ዓሣውንና ወሬውን ስንከታተል ደራሲው ልጁን ከፊታችን አሳልፎታል፤ እንደጠፋ የምናውቀው ከእነሱ ጋር እኩል ነው። አጠገብ ያለ ሰው እንዴት ሳይታወቅ እንደሚጠፋ አንባቢው በራሱ ላይ ሲደርስ ያየዋል።

ጠንቋይዋ የሰጠችው ለብቻ የሚበላ፣ በምሥጢር የሚያዝ ነገር ነበር። እዚህ ሐዋሳ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚያስታውሰው ታሪክ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ፍቼ የተባለች ያገባች ሴት ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ እነሱም ከጎረቤት ጋር ተካፍለው ይበሉታል። ልጆች ዛሬም በበዓሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። በዚህ ባህል ያደገ ልጅ የጠንቋይዋን ሣጥን ሲያይ አንድ ነገር እንደጎደለ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ እጅ የለበትም።

ኤድመንድ ከጠንቋይዋ እጅ ከዳነ በኋላ በማግስቱ ማለዳ ከአስላን ጋር ጤዛ ባለበት ሣር ላይ ይመላለሳል። ምን እንደተባባሉ አልተጻፈም። አስላን ወደ ወንድሙና እህቶቹ ያመጣውና ያለፈውን ማንሳት እንደማያስፈልግ ይነግራቸዋል። ልጁም እያንዳንዳቸውን ጨብጦ ይቅርታ ይጠይቃል። ንስሐውን ለነፍስ አባቱ ብቻ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ሉዊስ የጣፋጩን ሣጥን ጥብጣብ ቀለም ሳይቀር የነገረን ሰው ነው፤ እዚህ ሲደርስ ግን ብዕሩን ይሰበስባል። ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ የደፈረበት ቦታ ይህ ይመስለኛል።