ቼኮቭ የት ነበር?

በፈረንጆቹ 1982 የወጣው ሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም፣ «የኻን ቁጣ»፣ አድናቂዎቹን እስከ ዛሬ የሚያከራክር ትዕይንት አለው። የጠፈር መርከቧ የኢንተርፕራይዝ የቀድሞ መኮንን ቼኮቭና አለቃው ካፒቴን ቴሬል ሰው የለበትም ባሉት አሸዋማ ፕላኔት ላይ አንድ መጠለያ ያገኛሉ። ዕቃ ሲያገላብጡ ቼኮቭ የቀበቶ ዘለበት ላይ «ቦታኒ ቤይ» የሚል ጽሑፍ፣ የኻንን የድሮ መርከብ ስም፣ ያነብና ፊቱ አመድ ይመስላል። አለቃውን እያጣደፈ ይዞት ሊወጣ ይሞክራል፤ ግን አልሆነም፣ ደጅ ኻን፣ ያ አንድ ጊዜ ኢንተርፕራይዝን ሊነጥቅ ሞክሮ በረሃ የተጣለው ሰው፣ ከነጭፍሮቹ ቆሟል። ኻን ቴሬልን አያውቀውም። ቼኮቭን ግን አተኩሮ አይቶ፣ አንዴ ያየውን ፊት እንደማይረሳ ነግሮት፣ በስሙ ይጠራዋል።

የት አይቶት? ኻን ከዚያ በፊት ብቅ ያለው «ስፔስ ሲድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታዩ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም የተላለፈው በፌብሩዋሪ 1967፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር። ቼኮቭን የሚጫወተው ዋልተር ኬኒግ የመጣው በሁለተኛው ምዕራፍ ሲሆን ተመልካች ያየው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ነው። በደራሲዎቹ በኩል ካየነው ነገሩ ተራ ዝንጋታ ነው። አድናቂ ግን በዚህ አይለቅም። በታሪኩ ውስጥ የታየው ሁሉ በርግጥ ሆኗል ብሎ ይነሣና ምክንያቱን እዚያው ታሪኩ ውስጥ ይፈልጋል።

እኔን የሚማርከኝ የዚህ ፍለጋ እጅ ሥራ ነው። የተቀደደ ልብስ በሁለት መንገድ ይጠገናል፤ ያገኙትን እራፊ ለጥፎ ድሪቶ ማድረግ አለ፣ ከራሱ ከልብሱ ጠርዝ ክር መዝዞ ቀዳዳውን መሸመን አለ። ሁለተኛውን የሚችል ባለሙያ ብርቅ ነው።

ለኻን ቀዳዳ መጀመሪያ የሚቀርበው መላ ምት ሰውየው አንባቢ ነበር የሚል ነው። እውነትም «ስፔስ ሲድ» ላይ ኻን ከሕመሙ ሲያገግም የኢንተርፕራይዝን የቴክኒክ ሰነዶች ማንበብ እንዲችል የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ኪርክ ይፈቅድለታል። የሠራተኞቹንም መዝገብ አብሮ አገላብጦ ቢሆንስ? ክሩ ከልብሱ ነው፤ ጥሩ። ግን ስፌቱ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ የቼኮቭ ድንጋጤ አልተነካምና። ያ በሪፖርት የተነበበ ስም የሚያስደነግጠው ድንጋጤ አይመስልም።

ሁለተኛው ይሻላል። ኢንተርፕራይዝ 430 ሰው ትይዛለች፤ ካሜራው የሚያሳየን ጥቂቶቹን ነው። ቼኮቭም ገና ጀማሪ መኮንን ሆኖ መርከቧ ላይ ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር ቢባል የሚከለክል ነገር የለም። ደራሲዋ ቮንዳ ማኪንታየር ፊልሙን በወጣበት ዓመት ወደ ልብ ወለድ ስትመልሰው የሌሊት ተረኛ አድርጋዋለች። አንዲት ቃል ሳትለውጥ ቀዳዳውን ደፈነችው። ይሁን እንጂ ይህ ጥገና የራሱን ጥያቄ ይወልዳል። መርከቧን ለመንጠቅ ሞክሮ የተሸነፈ፣ ከዚያም 15 ዓመት በረሃ ላይ የተጣለ ሰው፣ አንድ የሌሊት ተረኛ ወጣት ምን ስላደረገው ነው ፊቱን በልቡ የያዘው?

እዚህ ላይ ኬኒግ ራሱ አድናቂዎች በተሰበሰቡበት የሚያወራው ቀልድ ይገባል። በእሱ አባባል ኻን ሽንት ቤት ፈልጎ ደጅ ቆሟል፤ ውስጥ ያለው ቼኮቭ ነው፤ አይወጣም። በመጨረሻ ሲወጣ ኻን ይህን ፊት ዕድሜ ልኬን አልረሳም ይላል። ሰው ስቆ ያልፈዋል። እኔ ግን እንደ ሥራ ስመረምረው ቀልዱ የተቀመጠው በትክክል የሌሊት ተረኛው መላ ምት በተወው ክፍተት ላይ ነው። ቼኮቭ መርከቧ ላይ መኖሩን ይቀበላል፣ የጎደለውን ቂም ይጨምራል፣ ከዚያ በላይ አንድ ነገር አይነካም። ኻን ደግሞ ቂም የሚይዝ ሰው ነው፤ የታወቀ ነው።

ከሁሉም የረቀቀው ግን የቁጥር ሰዎች ያገኙት ነው። ካፒቴኑ መዝገቡን ሲከፍት የሚጠራው ስታርዴት የሚባል የዘመን ቁጥር አለ። የ«ስፔስ ሲድ» ስታርዴት 3141.9 ነው። ከሁለተኛው ምዕራፍ ቀድሞ የተቀረጸውና ቼኮቭ በግልጽ የሚታይበት «ካትስፖ» ደግሞ 3018.2 ነው። ቁጥሩ ያንሳል! በቴሌቪዥን ስምንት ወር ዘግይቶ የተላለፈው ክፍል፣ በታሪኩ አቆጣጠር ኻን ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነው። ስለዚህ ቼኮቭ መርከቧ ላይ ነበር፤ ለዚያውም የሌሊት ተረኛ ሳይሆን ከካፒቴኑ አጠገብ።

የዚህን ውበት ለማየት ስታርዴት ራሱ ስመ ጥር ዝብርቅርቅ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ከክፍል ክፍል ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላሉ፤ የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮድንቤሪም ቁጥሩ ከመርከቧ ፍጥነትና ከምትገኝበት ሥፍራ ጋር ይለዋወጣል እያለ ነገሩን ለማስታረቅ ሞክሯል። አድናቂው እንግዲህ አንዱን ስህተት የጠገነው ከሌላው ስህተት በመዘዘው ክር ነው። ዋጋ አያስከፍልም አልልም፤ ስታርዴትን እዚህ ያመነ ሰው ሌላም ቦታ ሊያምነው ነው፣ ያኔ ደህና የነበሩ ክፍሎች መተርተር ይጀምራሉ። ቢሆንም እጁን አደንቃለሁ።

በነገራችን ላይ የ«የኻን ቁጣ» ዳይሬክተር ኒኮላስ ሜየር ራሱ የዚህ ሙያ ሰው ነበር። በ1974 ያሳተመው ልብ ወለድ ሼርሎክ ሆምስ ሞተ ተብሎ የጠፋባቸውን ዓመታት ይጠግናል፦ ዶክተር ዋትሰን የጻፈው ውሸት ነው፣ ሆምስ የኮኬይን ሱሱን ሊታከም ቪየና ፍሮይድ ዘንድ ሄዶ ነበር ይላል። የሌላ ሰው ቀዳዳ የደፈነ እጅ ለአድናቂዎች ይህን የመሰለ ቀዳዳ መተዉ ያስቀኛል።

የስታር ትሬክ ባለቤቶች ራሳቸው የሚሠሩት ጥገና ግን ሁልጊዜ ከአድናቂው አይበልጥም። ክሊንጎኖች የሚባሉት የታሪኩ ጦረኛ ሕዝቦች በ1967 ሲመጡ ጠየም ያለ ቀለም የተቀቡ ሰዎች ነበሩ፤ በ1979ኙ ፊልም ግንባራቸው ላይ የአጥንት ሸንተረር አብቅለው ብቅ አሉ። ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው የሚለው መላ ምት ለዓመታት አገለገለ፤ በ1994 ሦስቱ የቀድሞ ክሊንጎኖች፣ ኮር፣ ካንግና ኮሎት፣ በዚያው በቀድሞ ተዋናዮቻቸው ተመልሰው ሸንተረር አውጥተው ሲታዩ አበቃለት። በ1996 ደግሞ በኋለኛው የስታር ትሬክ ተከታታይ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ላይ ክሊንጎኑ መኮንን ዎርፍ ወደ ድሮው ዘመን ተመልሶ ሳለ ባልደረቦቹ ለስላሳ ግንባሮቹን አይተው ይጠይቁታል፦ የዘር ምህንድስና ነው? ቫይረስ ነው? ዎርፍ ይህን ለውጭ ሰው አናወራም ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል።

እዚያ ላይ መቆም ነበረበት። ኩሩ ሕዝብ የሚያፍርበት ነገር እንዳለው በአንድ መልስ ተነገረን፤ ምን እንደሆነ አለማወቃችን ራሱ የክሊንጎን ጠባይ ነው። በ2005 ግን ሁለት ሙሉ ክፍል ተሠርቶ ተብራራ። ክሊንጎኖች ከኻን ዘመን የተረፈ የተሻሻለ የሰው ዘር ወስደው ልዕለ ወታደር ሊፈጥሩ ሲሞክሩ ወረርሽኝ ተነሣ፤ መድኃኒቱ ነፍሳቸውን አድኖ ግንባራቸውን ለሰለሰ። ሥራው ንጹሕ መሆኑን አልክድም። የባልደረቦቹ ሁለት ግምት ሁለቱም ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ሸንተረሩ በኋላ እንዴት እንደተመለሰም የክሊንጎኑ ሐኪም የራስ ቅል ቀዶ ጥገና ገበያው እንደሚደራ ጣል በሚያደርጋት አንዲት ቃል ተዘጋጅቶለታል። ብቻ የዎርፍ ዝምታ በአንድ ትንፋሽ የሠራውን ሁለት ክፍል ሙሉ ደከሙበት።

ከጥገናዎቹ ሁሉ የእኔ ምርጫ ትንሽ ናት። በ1966 በተላለፈ አንድ ክፍል የኪርክ የረዥም ዘመን ጓደኛ ጋሪ ሚቸል የአምላክ ያህል ኃይል ያገኝና ለኪርክ መቃብርና የመቃብር ድንጋይ በሐሳቡ ብቻ ይፈጥራል። ድንጋዩ ላይ «ጄምስ አር. ኪርክ» ይላል። በኋላ የኪርክ መካከለኛ ስም በ«ቲ» የሚጀምር፣ ታይቤሪየስ፣ ሆነ። አንዳንዶች «አር» በጓደኛሞቹ መካከል የቆየ የግል ቀልድ ነው ይላሉ፤ ያ ግን ያላየነውን ታሪክ ይጠይቃል። ሌሎቹ ሚቸል ተሳሳተ ይላሉ፣ በቃ። ይህኛው ከውጭ የሚያመጣው ምንም የለም። ኪርክ እዚያው ቆሞ ከሚቸል ጎን የቆመችውን የመርከቧን የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ዴነርን ሊያሳምናት የሚጥረው ይህንኑ ነው፦ ኃይሉ አደገ እንጂ ሰውየው ያው ድካም ያለበት ሰው ነው። ዴነር ዞር ብላ ድንጋዩን ብታነበው ክርክሩ ባጠረ ነበር።