አንድ ቋንቋ ሲጨመር ሌላው ይቀነሳልን?
በጆን ማክናማራ የአየርላንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ጆን ማክናማራ ስለ ሁለት ቋንቋነትና ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የአየርላንድን ልምድ መርምረው ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1966 በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከታተመ ወዲህ፣ አፍ በፈቱበት ቋንቋ ስለማይማሩ ሕፃናት በተደረጉ ክርክሮች ደጋግሞ ሲጠቀስ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ከነሙሉ ማስረጃው ሳይሆን በሁለት ቁጥሮቹ፣ ማለትም በ17 ወርና በ11 ወር ብቻ ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ እነዚህ ቁጥሮች የሚያስረዱትንና የማያስረዱትን ለይቶ ማሳየት ነው።

ጥናቱ የተነሣበት ሁኔታ

በአየርላንድ በ1831 የተቋቋሙት ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምሩ ነበሩ። ከ1845 ጀምሮ የደረሰው ታላቅ ረሀብም አየርላንድኛ ይነገርባቸው የነበሩትን ድሀ አውራጃዎች ከሁሉ ይልቅ ጎዳ። ከሞት የተረፈው ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ለስደትም እንግሊዝኛ ያስፈልገው ነበር። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአየርላንድኛ ተናጋሪ ቁጥር በ1891 ከ700 ሺህ በታች ወረደ።

ስለሆነም በ1922 የተመሠረተው አዲሱ መንግሥት ቋንቋውን የማደስ ኃላፊነት ከሁሉ በላይ የጣለው በትምህርት ቤት ላይ ነበር። ከመጋቢት 17 ቀን 1922 ጀምሮ አየርላንድኛ በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የሕፃናት ክፍሎች ትምህርትም በሙሉ በዚሁ ቋንቋ እንዲሆን ተወሰነ። መመሪያው በ1926 ላላ፤ በ1934 ግን እንደገና ጠበቀ። ከአብዛኞቹ ቤቶች የሚመጣ ሕፃን እናቱ የማትናገረውን ቋንቋ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንሥቶ እንዲሰማ ሆነ። መምህሩም ቢሆን በብዙ ስፍራ ቋንቋውን የተማረው ካደገ በኋላ በክረምት ኮርስ ነበር።

የመምህራኑ ማኅበር በ1936 ባስጀመረው ምርመራ አብዛኞቹ መልስ ሰጪዎች ይህ አሠራር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናትን አይጠቅምም ብለው ነበር። የጊዜው የትምህርት ሚኒስትር ግን የማኅበሩን ሪፖርት አልተቀበሉትም። መመሪያው የላላው በ1948፣ የተተወውም በ1960 ነው። የማክናማራ ጥናት የመጣው እንግዲህ ለአርባ ዓመት ያህል በአዋጅ ተሠርቶበት በልኬት ግን በበቂ ሁኔታ ሳይፈተን በቆየ ጉዳይ ላይ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ውለታ ይኸው ነው፤ ጥያቄውን ከስሜት አውጥቶ ወደ ፈተና ወረቀት አመጣው።

ቁጥሮቹ ምን ያስረዳሉ?

ደራሲው የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በቤት ቋንቋቸውና በትምህርት መስጫ ቋንቋቸው ከፋፍለው በእንግሊዝኛ፣ በአየርላንድኛና በሂሳብ ፈተኗቸው። ከውጤቱም ሁለት ዋና ዋና መደምደሚያዎች አወጡ። አንደኛ፣ በቤታቸው እንግሊዝኛ የሚናገሩት የአየርላንድ ልጆች በእንግሊዝኛ ከብሪታንያ ልጆች 17 ወር ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። ሁለተኛ፣ ሂሳብን በአየርላንድኛ የተማሩት በጽሑፍ በሚቀርቡ የሂሳብ ጥያቄዎች 11 ወር ያህል ዘግይተዋል፤ በመደመርና በመቀነስ ዓይነቱ ቀጥተኛ ስሌት ግን ልዩነት አልታየም። ደራሲው የመጀመሪያውን ውጤት የሚያስረዱት በሚዛን ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ለሁለተኛው ቋንቋ የተሰጠው ከመጀመሪያው ላይ ይወሰዳል የሚል ነው።

በ17 ወሩ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው። አየርላንድኛ በሁሉም ትምህርት ቤት ግዴታ ስለነበረ፣ ያለ አየርላንድኛ የተማረ የዚያው አገር ልጅ ለማነጻጸሪያ አልተገኘም። የብሪታንያ ልጅ ደግሞ የሚለየው በቋንቋ ብቻ አይደለም፤ በሥርዓተ ትምህርቱም፣ በክፍሉ መጣበብም፣ በወላጆቹ ኑሮም ሊለይ ይችላል። ልዩነቱን በሙሉ በአየርላንድኛ ላይ መጫን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ነው።

በ11 ወሩ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጂም ከሚንስ በግልጽ የቀረበው ነው። በአየርላንድኛ የተማሩት ልጆች የተፈተኑት ደካማ በሆኑበት በዚያው ቋንቋ ስለነበረ፣ ፈተናው የለካው የሂሳብ ችሎታቸውን ሳይሆን ጥያቄውን አንብቦ የመረዳት ችሎታቸውን ሊሆን ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም የጥናቱን ውጤት ስሙን ይለውጠዋል እንጂ አይሽረውም። ለዓመታት ሂሳብ ሲማርበት በቆየው ቋንቋ የተጻፈለትን ጥያቄ መረዳት የተሳነው ልጅ፣ በየቀኑ የመምህሩን ማብራሪያም በከፊል ብቻ ሲሰማ እንደኖረ መገመት ይቻላል። ለክፍል መምህር ከወሩ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ቋንቋው ሐሳብ ለመሸከም ሳይጠነክር የትምህርት ሸክም ተጭኖበታል።

የሚዛኑ ሐሳብ ራሱም ቢሆን ጠቅላላ ሕግ ሊሆን አልቻለም። በካናዳ በሞንትሪያል አጠገብ ባለችው በሴንት ላምበርት በ1965 የተጀመረው ሙከራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን በፈረንሳይኛ አስተማረ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ዘላቂ ጉዳት አልታየባቸውም። ነገር ግን ሙከራው በወላጆች ጥያቄ የተጀመረ ነበር፤ ፈረንሳይኛውም ከደጃቸው ይነገር ነበር። ሁለት ባላ ትከል የሚለው ምክር የሚሠራው ለሁለቱም ባላ የሚሆን መሬት ሲኖር ነው።

መጽሐፉ ያልዳሰሰው

የጥናቱ ዋና ጉድለት ልኬቱ ከክፍሉ በር አለመውጣቱ ነው። አየርላንድኛ የተማረው ልጅ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ከማን ጋር ይነጋገርበት ነበር? በ1937ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋው የመጀመሪያው ይፋዊ ቋንቋ ተብሏል፤ ገበያው፣ ጋዜጣውና መሥሪያ ቤቱ ግን በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። በ1973 በአየርላንድኛ ማለፍ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ግዴታ መሆኑ ቀረ።

በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አየርላንድኛ እንችላለን ብለዋል፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ እንናገረዋለን ያሉት ግን 72 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህ ሁለት አኃዞች ጎን ለጎን ሲታዩ የመቶ ዓመቱ ሥራ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳላስገኘ ይናገራሉ። ትምህርት ቤት ዕውቀትን አዳርሷል፤ ልማድን ግን ብቻውን ሊፈጥር አልቻለም። በሌላ በኩል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በወላጆች ፈቃድና ግፊት የተከፈቱት በአየርላንድኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ቁጥራቸው እጅግ አድጓል። የትምህርት መስጫው ቋንቋ አንድ ሆኖ ሳለ አቀባበሉ እንዲህ የተለየው ወላጅ አስቀድሞ ስለፈቀደ፣ ቋንቋውን የሚችል መምህርም ስለተፈለገ ነው።

ማጠቃለያ

የማክናማራ መጽሐፍ ሊነበብ የሚገባው ቁጥሮቹ የመጨረሻ ፍርድ ስለሆኑ ሳይሆን፣ የቋንቋ ፖሊሲ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ መሆኑን ስለሚያስታውስ ነው። የትምህርት መስጫ ቋንቋ የሚመርጥ ዕቅድ አውጪ ከአየርላንድ ልምድ ሦስት ጥያቄዎች ይወስዳል። መምህሩ ቋንቋውን ምን ያህል ይችላል? ልጁ ከክፍል ውጭ የት ይናገርበታል? የክፍሉን ውጤት በየቀኑ የሚያየው መምህር ችግሩን ሲያመለክት የሚሰማው አለን? በአየርላንድ ሦስተኛው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አንድ ትውልድ ተምሮ ወጥቷል።