ጥፊ ተቀባዩ ላሪ ፋይን

ሳቅ ከሰው ጠባይ የማይለይ ስለ ሆነ ጠቢቡ ሰሎሞን ለልቅሶ ጊዜን በመደበበት ቃሉ ለሳቅም ጊዜውን መድቦለታል። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ሰው መሳቁ ሳይሆን በምን እንደሚስቅ ነው። ይልቁንም ሰው ሌላው ሰው ሲመታ፥ ሲወድቅና ሲደናበር አይቶ በሳቀ ጊዜ ሳቁ ከየት ይመነጫል? ከመቺው ብርታት ነውን፥ ወይስ ከተመቺው ጥበብ? ዛሬ በኢምፔሪያል መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው ወጣት በእጅ ስልኩ ከሚያያቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ያሉ የመመታትና የመውደቅ ጨዋታዎች ናቸውና ጥያቄው የልጆች ጥያቄ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ ምርመራ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሰው በአሜሪካ አገር ነበረ። ስሙ ላሪ ፋይን ይባላል። «ሥሪ ስቱጅስ» በተባለው የሦስት ቀልደኞች ማኅበር ውስጥ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዕድሜውን በሙሉ ጥፊ ሲቀበል የኖረ ነው። «ስቱጅ» ማለት በእንግሊዞች ቋንቋ በመድረክ ላይ ከዋናው ቀልደኛ አጠገብ ቆሞ ነገሩን የሚቀበልለትና መሳቂያ የሚሆንለት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ግብሩ ገና በስሙ ተገልጧል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ላሪ በ1902 ዓ.ም. ኦክቶበር 5 ቀን በፊላዴልፊያ ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሉዊስ ፋይንበርግ ነበረ። አባቱ ሰዓት የሚያድስና ጌጣጌጥ የሚሸጥ ሰው ሲሆን፥ እውነተኛውን ወርቅ ከሐሰተኛው የሚለይበት አሲድ በሱቁ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን ሕፃኑ ይህን አሲድ የሚጠጣ ነገር መስሎት አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ፥ አባቱ ድንገት ደርሶ ከእጁ መትቶ ጣለበት። አሲዱም ፈስሶ የልጁን የግራ ክንድ ክፉኛ አቃጠለው። እንግዲህ በታሪኩ ከሚታወቁት ምቶች የመጀመሪያይቱ ከሞት ያዳነችው ምት ነበረች።

የቆሰለው ክንድ እንዲጠነክር ልጁን ቫዮሊን አስተማሩት፤ በዚሁም ምክንያት ሙዚቀኛ ሆነ። በጉርምስናው ጊዜ ደግሞ ቦክስ ተምሮ አንድ ጊዜ በአደባባይ ተጋጥሞ አሸንፏል። ነገር ግን አባቱ ልጁ በሰው ፊት መደባደቡን ስለ ጠላው ያንን ሙያ አስተወው። አባትዮው የጠላው ዱላ ኋላ ለልጁ እንጀራ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ከዚህ በኋላ ላሪ ዘፈን፥ ጭፈራና ቀልድ በየተራ በሚቀርብበት «ቮድቪል» በተባለው መድረክ ቫዮሊኑን እየመታና እየቀለደ ሲዞር ቆየ። በ1928 ዓ.ም. ቴድ ሂሊ የተባለ ስመ ጥር ቀልደኛ ወንድማማቾቹ ሞ ሃዋርድና ሼምፕ ሃዋርድ ከሠሩበት ቡድን ውስጥ አስገባው። በ1930 ዓ.ም. «ሱፕ ቱ ነትስ» በተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ታዩ። በ1932 ዓ.ም. ሼምፕ ተለይቶ ሲሄድ ጄሮም የተባለው ታናሽ ወንድሙ «ከርሊ» በሚል የመድረክ ስም ተተካ። በ1934 ዓ.ም. ሦስቱ ከሂሊ ተለይተው ኮሎምቢያ ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋራ ተዋዋሉ፤ እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስም 190 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። ሦስተኛው ሰው በየጊዜው ሲለዋወጥ፥ ከ190ው ፊልም ከአንዱም ያልታጡት ሞና ላሪ ብቻ ናቸው።

የሦስቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ሞ አዛዥና ቁጡ ነው፤ ይሰድባል፥ በጥፊ ይመታል፥ በሁለት ጣቱ ዓይን ይወጋል። ከርሊ ፀጉሩን የተላጨ ወፍራም ቂል ነው፤ በሰውነቱ ይንከባለላል፥ በድምፁ እንደ ሕፃን ይጮኻል። ላሪ ግን ግንባሩ የተገለጠ፥ ፀጉሩ በግራና በቀኝ የተበተነ፥ ከአዛዡም ከቂሉም ያልሆነ መካከለኛ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ተመልካች ከሞ ቁጣና ከከርሊ ቂልነት በቀር ሌላ ሳያስታውስ ይወጣል፤ ላሪን ግን ለቁጥር መሙያ የገባ ሰው ያደርገዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም።

የጥፊ ድምፅ ለብቻው ትርጉም የለውም። ሳቁ የሚወለደው ከጥፊው በኋላ በተመቺው ፊት ላይ ነው። ላሪ በተመታ ጊዜ ወዲያው አይጮኽም። አስቀድሞ ዓይኑ ቆም ይላል፤ ቀጥሎ ሊከራከር አፉን ይከፍታል፤ በመጨረሻም ክርክሩ ሌላ ጥፊ እንደሚያመጣበት አስቦ አፉን ይዘጋል። ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። ተመልካች የሚስቀውም በጉንጩ ሕመም አይደለም፤ በአለቃው ፊት ቃሉን ውጦ የሚቀር ሰው ሁሉ ራሱን በዚያ ፊት ስለሚያይ ነው። ከርሊም ቢጮኽና ቢንከባለል፥ እብደቱን የሚያውቅበት አንድ ጤነኛ በአጠገቡ ስለ ቆመ ነው እብደቱ የሚያስቀው።

በኢትዮጵያ ይህን ነገር ለመረዳት አስቸጋሪ አይሆንም። ባለቅኔው ቅኔውን ሲያወርድ ተቀባይ ያስፈልገዋል፤ ተቀባዩ ቃሉን ከሳተ ወይም ዜማውን ካበላሸ የባለቅኔው ድካም ከንቱ ይሆናል። በአዝማሪ ቤትም ግጥም ሰጪው «ተቀበል» ብሎ ሲጀምር ሳቁንና ጭብጨባውን የሚያመጣው አዝማሪው በመቀበሉ ነው። መቀበል ከመስጠት ያነሰ ሥራ ተደርጎ አይቈጠርም። እንዲሁም ምቱ እንደ ሰም ነው፤ ወርቁ በተቀባዩ ፊት ይገለጣል።

የላሪን ዋጋ በግልጥ የሚያሳየው ሥራ በ1934 ዓ.ም. የወጣው «ፐንች ድራንክስ» ነው። በዚህ ፊልም ከርሊ ገራም አስተናጋጅ ነው፤ ላሪም ምስኪን ቫዮሊን መቺ ነው። ነገር ግን ላሪ አንዲት የልጆች ዜማ በተጫወተ ቍጥር ከርሊ ይሰክርና በአጠገቡ ያገኘውን ሁሉ በቡጢ ይጥላል። ሞ ይህን አይቶ ከርሊን ቦክሰኛ ያደርገዋል፤ ላሪም በመጋጠሚያው አጠገብ ተቀምጦ ዜማዋን እንዲመታ ይቀጥረዋል። በታላቁ ግጥሚያ ቀን ግን ቫዮሊኑ ይሰበራል። ከዚህ ወዲያ ያለው የፊልሙ ልብ የላሪ ሩጫ ነው። ወዳጁ በመድረኩ ላይ ሲቀጠቀጥ እርሱ ያችን ዜማ ፍለጋ በከተማው ጎዳና ይሮጣል፤ ሬዲዮ ያመጣል፤ ያም ሳይበቃ ሲቀር ዜማዋን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ የተጫነበትን መኪና ይዞ ግንብ ጥሶ ይገባል። ጡንቻው የከርሊ፥ ትእዛዙ የሞ ሲሆን፥ ሁለቱም ያለዚያ ሯጭ ምንም ሊሠሩ እንዳልቻሉ ፊልሙ ራሱ ይመሰክራል። የአሜሪካ መንግሥት የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትም በ2002 ዓ.ም. ይህን ፊልም ለዘለዓለም እንዲጠበቁ ከሚመረጡት ፊልሞች ጋራ ቈጥሮታል።

ሌላው መታሰብ ያለበት ሥራ በ1940 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር የወጣው «ዩ ናዝቲ ስፓይ» ነው። በዚህ ፊልም ሞ ሂትለርን የሚመስል አምባገነን፥ ላሪ ሐሰት የሚያሠራጭ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር፥ ከርሊ ደግሞ የጎሪንግንና የሙሶሊኒን ጠባይ የደባለቀ የጦር አዛዥ ሆነው ይታያሉ። ቻርሊ ቻፕሊን በዚሁ ርእስ የሠራው ስመ ጥር ፊልም የወጣው ከዚህ በኋላ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም ነበር። ሦስቱም የአይሁድ ልጆች ነበሩና በማን ላይ እንደሚቀልዱ ያውቁ ነበር። በዚያው ወራት የሙሶሊኒ ጭፍሮች በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነበሩ፤ አርበኞችም በየዱሩ ይዋጉ ነበር። አገጩን ወደ ላይ ወርውሮ በሰገነት ላይ ሲደነፋ ዓለምን ያስፈራው ሰው በፊልሙ እንደ ቂል ሲታይ፥ ቀልድ ፍርሃትን የሚሰብር መሣሪያ መሆኑ ይታወቃል። በኢትዮጵያም የቴአትር ታሪክ በር ላይ የሚገኘው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜድያ» የሹማምንትን ጥፋት በአራዊት አስመስሎ የነቀፈ ነበር። መሪር እውነት በሳቅ ተለውሶ ሲቀርብ ሰሚ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን መሸፈን አይገባም። የሦስቱ ሥራ ሁሉ እንደ እነዚህ ሁለቱ አይደለም። አንዱ ጥፊ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ትርጉሙ ያልቅና ድምፁ ብቻ ይቀራል። በ1950ዎቹ ዓመታት ኩባንያው ወጪ ለመቈጠብ ሲል የቀድሞዎቹን ፊልሞች እየቈራረጠ በአዲስ ስም ያወጣ ጀመር። በ1946 ዓ.ም. ከርሊ ታሞ ከሥራ ሲወጣ ተመልሶ የገባው ሼምፕ በ1955 ዓ.ም. በሞተ ጊዜም፥ ሌላ ሰው ጀርባውን ብቻ እያሳየ በሙታኑ ቀልደኛ ስፍራ ቆሞ አራት ፊልሞች ተፈጽመዋል። ይህ ለሟቹም ለተመልካቹም ክብር የነሣ ሥራ ነው። ደግሞም ፊልሞቹ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲታዩ ሕፃናት ዓይን መውጋትን እንዳይለምዱ ወላጆች ሰግተው ነበር፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ትልቅ ሰው የፊቱን ወርቅ ሲያይ ሕፃን የሚያየው ጣቱን ነውና። ሦስቱም ኋላ በሠሩዋቸው ረጃጅም ፊልሞች ዱላውን ቀንሰዋል።

የላሪ ኑሮ ከመድረክ ውጭም ከዚሁ ጠባይ አልራቀም። ሞ ገንዘቡን ጠንቅቆ ሲይዝ ላሪ ግን በሆቴል እየኖረ፥ በፈረስ ውድድር ላይ እየተወራረደ፥ ለተቸገሩ ተዋንያንም ሳይጠይቅ እያበደረ ጨረሰው። ስለዚህ በ1957 ዓ.ም. የኩባንያው ሥራ ሲያበቃ ለድህነት ቀርቦ ነበር። ፊልሞቹ በቴሌቪዥን ታይተው ስማቸው ዳግመኛ ሲነሣ ከፊልሞቹ ትርፍ ድርሻ አልነበራቸውም፤ የጠቀማቸው ዝናው ያመጣላቸው አዲስ ሥራ ነው። በ1961 ዓ.ም. ወንድ ልጁ ጆን በመኪና አደጋ በ24 ዓመቱ ሞተ። በ1967 ዓ.ም. ባለቤቱ ሜብል አረፈች። በ1970 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር የአንጎል ደም መፍሰስ አግኝቶት ግራ ጐኑ ሽባ ሆነ፤ በልጅነቱ የተቃጠለውና በቫዮሊን የዳነው ክንድም በዚያው ወገን ነበር።

ከዚህ በኋላ በካሊፎርኒያ ባለው የፊልም ሠራተኞች መጦሪያ ቤት ገባ። በዚያም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያቃስቱትን ሕሙማን ያጫውት፥ ሊያዩት የሚመጡትን ወጣቶች ይቀበል ነበር። በ1975 ዓ.ም. ጃንዋሪ 24 ቀን በ72 ዓመቱ ሞተ። ሞ ሃዋርድም ከአራት ወር ሳያልፍ በዚያው ዓመት ሜይ 4 ቀን ተከተለው።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዓለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፥ እንዲሁም ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ባሳቁ ጊዜ ብዙ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በፊቱና በዝምታው ባይቀበለው ኖሮ ቀልዱ መሬት ይወድቅ ነበር። ዛሬ በየስልኩ የሚወጡት ወጣት ቀልደኞች ግን ሁሉም መቺ፥ ሁሉም ተናጋሪ ለመሆን ይሽቀዳደማሉ፤ ተቀባይ ጠፍቶ ጩኸት በዝቷል። ከላሪ ፋይን መማር ያለባቸው ዱላውን አይደለም። የተሰጠውን ነገር ሳያጎድል የሚቀበል፥ ለባልንጀራውም ቦታ የሚለቅ ሰው ስሙ በመጨረሻ ቢጠራም ሥራው ከፊተኞቹ እንደማያንስ ነው።