ስለ ፈቃድ፣ ስለ ውሳኔና ስለ አስተውሎት፤ የስያሜ ሂስ

ስለ ሰው ምርጫና ስለ አእምሮው ባሕርይ የተጻፉትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የደራሲውን አሳብ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው የሚፈጽመው፣ በፈላስፎች መካከል ገና ያልተቋጨውን ክርክር በአንድ ቃል መቋጨት ነው። የዚህ ሂስ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ «ነጻ ፈቃድ» የሚለውን እንመልከት። በግዕዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ሲሆን፣ በዛሬው አማርኛ ግን በይበልጥ «ይሁን አለ» ወደ ማለት ዞሯል። የጥንቱ ፍች በጸሎት ቋንቋ ቢቆይም፣ በየዕለቱ የምንሰማው የመንጃ ፈቃድን፣ የንግድ ፈቃድንና የዓመት ፈቃድን ነው። እነዚህ ሁሉ ሌላ የሚሰጣቸው፣ ሌላም የሚነሣቸው ናቸው። «ነጻ»ም «ያለ ክፍያ» ተብሎ ስለሚሰማ፣ ጥምር ቃሉ ለተራው አንባቢ ዋጋ የማይከፈልበት ወረቀት ሊመስለው ይችላል። ክርክሩ ግን ከራስ ስለሚመነጭ እንጂ ከሰጪ ስለሚገኝ ፈቃድ አይደለም። ሕዝቡ ልዩነቱን አስቀድሞ አውቆታል፤ «በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቀቀ» ሲባል የሚሳሳት የለም። ስለዚህ «የገዛ ፈቃድ» ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ችግር «ዲተርሚኒዝም»ን በ«ዕጣ ፈንታ» ወይም በ«ዕድል» መተርጐም ነው። ዕድል ከ«ዐደለ» የወጣ፣ ዐዳይ ያለው ቃል ነው፤ ዕጣም የሚጣለው ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ነው። ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 ያቀረበው አሳብ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የተፈጥሮን ኃይሎችና የነገሮችን ሁሉ አቀማመጥ በአንድ ቅጽበት የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር፣ መጪው ጊዜ እንዳለፈው ሁሉ ግልጽ ይሆንለት ነበር ባይ ነው። በዚህ ውስጥ ዐዳይም ዕጣም የለም፤ ያለው መንሥኤና ውጤት ነው። በዕጣ ፈንታ የሚያምን ሰው ቢሠራም ባይሠራም የተጻፈው እንደማይቀርለት ያስባል፤ የላፕላስ ተከታይ ግን የሰውዬው መሥራትና አለመሥራት ራሱ ከመንሥኤዎቹ አንዱ ነው ይላል። ሁለቱን በአንድ ስያሜ መጥራት አንባቢውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ማስተማር ነው።

ከሁሉ የከፋው በ«ወሰነ» ላይ የሚደርሰው ነው። ቃሉ ከ«ወሰን» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የፈረንጁም ቃል በላቲን ወሰን ማለት ከሆነው «ቴርሚኑስ» ይመጣል። በአማርኛ ግን ሰው ሲመርጥ «ወሰነ»፣ ነገር ሲገድበውም «ተወሰነ» ይባላል። ቤንጃሚን ሊቤትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙትን ጥናት እንውሰድ። ተሳታፊዎቹ በወደዱት ጊዜ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ፍላጎቱ ተሰማን ያሉት ከእንቅስቃሴው 0.2 ሴኮንድ ያህል አስቀድሞ ነበር፤ በአንጎል የተመዘገበው የኤሌክትሪክ ለውጥ ግን ግማሽ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ጀምሯል። ተርጓሚው «አንጎል አስቀድሞ ወሰነ» ብሎ ቢጽፍ ፍርድ ሰጠ እንጂ ውጤቱን አልተረጐመም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ ለውጥ ከአንጎል የዘፈቀደ መዋዠቅ ክምችት ሊመጣ እንደሚችል ሲያመለክቱ፣ ያ ተርጓሚ ምን ቃል ይቀረዋል? «የዝግጅት ምልክት ታየ» ቢል ኖሮ ሁለቱንም ወገኖች በታማኝነት ባስተናገደ ነበር።

በመጨረሻ የሚነሣው «አስተውሎት» ነው። ለማሽኖች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ ዛሬ ተለምዷል። ሆኖም «ሳላስተውል ነው» የሚል ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፤ «እያስተዋለ አደረገው» የተባለ ግን ይጠየቅበታል። ማስተዋል ከማስላት አልፎ ኀላፊነትን ያዘለ ቃል ነው። ስያሜውን ለመሻር ጊዜው አልፎ ይሆናል፤ መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱን ፍች ለይቶ ማስፈር ይገባዋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን አቀርባለሁ። ለራስ ምርጫ «የገዛ ፈቃድ» ይያዝ። «ምክንያት» ዛሬ ድርብ ሸክም ተሸክሟልና፣ በተፈጥሮ አንዱን ነገር ከሌላው ለሚያስከትለው «መንሥኤ»፣ ሰው ስለ ድርጊቱ ሲጠየቅ ለሚሰጠው መልስ «ምክንያት» ተለይተው ይሠራባቸው። «ወሰነ» ለሚመርጥ ሰው ብቻ ይጠበቅ። «ዲተርሚኒዝም»ም የተሻለ እስኪገኝለት ድረስ በውሰት ይቆይ። በእነዚህ ላይ የባልደረቦች አስተያየት ቢታከልበት የስያሜው ሥራ ይበልጥ ይዳብራል።